«ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?»፦ ሚዛን ላይ ያልወጣ ክርክር

በመተማና በቋራ ቆላ የሚነግድ ሰው የሰሊጥ ዋጋ ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። ከገለጉ ተጭኖ የወጣ ሰሊጥ ጎንደር እስኪደርስ ዋጋው ሊወጣም ሊወርድም ይችላል። በዚህ መካከል ነጋዴው የያዘው ሀብት ጆንያው ብቻ አይደለም። ማን እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚገዛ፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ፣ የባንክ ዕዳው መቼ እንደሚደርስ ማወቅም ሀብት ነው። ይህን ሁሉ ተደራዳሪው አስቀድሞ ካወቀ ድርድሩ ሳይጀመር አልቋል ማለት ነው።

እንደሚታወቀው ቀደም ሲል እንዲህ ያለው ምስጢር በነጋዴው ልብና በደብተሩ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ተበትኗል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ በኋላ የፋይዳ ቁጥር ከባንክ ሂሳብ ጋር እየተያያዘ መጥቷል፤ በአዲስ አበባ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኗል። ስልኩ ማን ለማን እንደደወለ ይመዘግባል። ካሜራው ማን ከማን ሱቅ እንደገባ ያያል።

ይህ ጽሑፍ እነዚህን ነገሮች ለማውገዝ አልተነሳም። መዝገብ ብድር ያስገኛል፤ ካሜራ ሌባ ያስይዛል። ጥያቄው ሌላ ነው። ስለ ክትትልና ስለ ገመና በየቡና ቤቱ፣ በየስብሰባውና በየንግድ ቢሮው የሚሰነዘሩት ክርክሮች ምን ያህል ይመዝናሉ? አንድ ኩንታል ሰሊጥ ሳይመዘንና ሳይበጠር የማይገዛ ነጋዴ ክርክርን ግን በጅምላ ሲገዛ ይታያል። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ነውና በጣም የተለመዱትን አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ግድፈት፦ ገመናን ከወንጀል ጋር ማምታታት

«የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚለው ክርክር ከሁሉም በላይ ይሰማል። አድማጭን ዝም ያሰኛል፤ የሚቃወም ሰው ወዲያው ኮንትሮባንዲስት መስሎ ይታያልና። ይሁንና ክርክሩ የቆመው ባልተነገረ አንድ መነሻ ላይ ነው፦ የተሸፈነ ሁሉ ወንጀል ነው በሚል።

ይህ መነሻ በገበያ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በሶማሌ የግመል ገበያዎች ሻጭ፣ ገዢና ደላላ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ምልክት ዋጋ ይነጋገራሉ። በጨርቁ ሥር የሚደረገው ስርቆት አይደለም። ሁለቱ የተስማሙበት ዋጋ ለሦስተኛው ተደራዳሪ እንዳይታወቅ ነው።

ዘመናዊው ገበያም ይህንኑ ያውቃል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ ሲጀምርና በኋላም ቡናን ሲያገበያይ፣ የቡናው ናሙና ለቀማሽ የሚቀርበው በባለቤቱ ስም ሳይሆን በኮድ ነበር። ቀማሹ የሚቀምሰው ቡና የማን እንደሆነ ካወቀ ወዳጁን ሊያሞግስ፣ ጠላቱን ሊያዋርድ ይችላል። ስለዚህ የሰውየው ማንነት ተሸፈነ፤ የቡናው ጥራት ግን ለሁሉም ተገለጠ። በዚያው ጊዜ የውጭ አገር የልዩ ቡና ገዢዎች ቡናው ከየትኛው አካባቢና ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ ማወቅ ተሳነን ብለው ቅሬታ ማሰማታቸው አይዘነጋም። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። መሸፈንም መግለጥም በየራሳቸው በጎ ወይም ክፉ አይደሉም። ምን እንደሚሸፈን፣ ከማን እንደሚሸፈንና ለምን ዓላማ እንደሚሸፈን ነው የሚለያቸው።

እንግዲህ «ምን ትደብቃለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ነጋዴ መልስ አለው። የዕዳዬን ቀን ከአበዳሪዬ ተወዳዳሪ፣ የመጋዘኔን ልክ ከገዢዬ፣ የገንዘቤን መንገድ ከዘራፊ እደብቃለሁ ቢል ከሕግ ውጭ አልሄደም። ከግብር ሰብሳቢው ግን ሽያጩን ሊደብቅ አይችልም። ጠያቂው «ከማን?» የሚለውን ትቶ «ምን?» ብቻ ሲጠይቅ ክርክሩ አንካሳ ይሆናል።

ሁለተኛው ግድፈት፦ «መሣሪያው አይሳሳትም»

ሌላው ክርክር በቁጥር ይመጣል። «ይህ መሣሪያ ከመቶ ዘጠና አምስት ጊዜ ትክክል ነው፤ ንጹሕ ሰው አይነካም» ይባላል። ቁጥሩ ያስደምማል። ነገር ግን ስንት ወንጀለኛ በስንት ሰው መካከል እንዳለ ሳይታወቅ ይህ ቁጥር ባዶ ነው።

ለምሳሌ ያህል በምናብ እናስላ። በአንድ የምርት ወቅት በአንድ ኬላ 10,000 ጭነት ያልፋል እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ብቻ ኮንትሮባንድ የያዙ ይሁኑ። መሣሪያው ከጥፋተኞቹ ከመቶ 95ቱን ይይዛል፤ ከንጹሐኑ ደግሞ ከመቶ 5ቱን በስህተት ይጠቁማል። ውጤቱ ምን ይሆናል? ከ20ዎቹ ጥፋተኞች 19ኙ ይያዛሉ። ከ9,980ዎቹ ንጹሐን ደግሞ 499ኙ ይያዛሉ። በጠቅላላው 518 ጭነት ቆመ፤ ከዚህ ውስጥ ጥፋተኛው 19 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ከቆሙት ከመቶ 96ቱ ንጹሐን ናቸው።

አሁን ወጪውን እናክልበት። እያንዳንዱ ጭነት 100 ኩንታል ሰሊጥ ቢሆንና በሚቆምበት ጊዜ ዋጋው በኩንታል 200 ብር ቢወርድ፣ በአንድ ጭነት 20,000 ብር ይጠፋል። በ499 ንጹሐን ጭነት ሲባዛ 9,980,000 ብር ይሆናል። ይህን ኪሳራ ማን ይከፍላል? መሣሪያውን ያመጣው ክፍል አይደለም። የኢኮኖሚ ትምህርት ይህን ወደ ሌላ የተገፋ ወጪ ይለዋል፤ ውሳኔ ሰጪው ስለማይከፍለው ርካሽ መስሎ ይታየዋል።

ለነገሩ ይህ ግድፈት ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም። በአገራችን ታሪክ «ሌባ ሻይ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና በገመድ ይዘው ይከተሉታል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሥርዓቱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ስለሚያገኝ ሁልጊዜ የተሳካለት ይመስል ነበር። የተያዘው ሰው በእርግጥ ሌባ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላ መንገድ ግን አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ተከልክሎ ቀርቷል። የዛሬው መሣሪያ ከሌባ ሻይ የሚለየው ስህተቱ ተቆጥሮ በይፋ ሲነገርና የተጠቆመው ሰው ይግባኝ የሚልበት በር ሲኖረው ነው። እነዚህ ከሌሉ ልዩነቱ የገመዱና የሽቦው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ግድፈት፦ «ቁጥሩን እንጂ ንግግሩን አንሰማም»

የስልክ ምዝገባን በሚመለከት ደጋግሞ የሚነገረው «ማን ለማን እንደደወለ እንጂ ምን እንደተባለ አይታይም» የሚለው ነው። ሰውን ያጽናናል። ደላላን ግን ሊያጽናናው አይገባም።

አንድ የላኪ ድርጅት ወኪል በአንድ ጠዋት ገለጉ፣ ሸኸዲና መተማ ዮሐንስ ላሉ አምስት ደላሎች ደወለ እንበል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለሁለት የጭነት መኪና ባለቤቶች ደወለ። ይህን ዝርዝር የሚያይ ሰው አንዲት ቃል ሳይሰማ ገዢ ወደ ገበያ እንደገባ፣ በብዛት እንደሚፈልግና እንደቸኮለ ያውቃል። ዝርዝሩ ለተወዳዳሪው ቢሸጥ ዋጋው በማግስቱ ይንቀሳቀሳል። ንግግሩን መስማት ሰዓታት ይፈጃል፤ ዝርዝሩን ለማየት ግን ደቂቃ ይበቃል።

ይህ ስጋት ባዶ ወሬ አለመሆኑን የሚያሳይ የአገር ውስጥ ታሪክም አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት በወቅቱ ብቸኛ ከነበረው የቴሌኮም ድርጅት የስልክ መዛግብትን የጸጥታ ሠራተኞች ያለ በቂ የፍርድ ቤት ቁጥጥር ያገኙ እንደነበር ገልጿል። በጊዜው የነበረው መንግሥት ሪፖርቱን አልተቀበለውም። ሕጉን ያየን እንደሆነ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ስለዚህ «ንግግሩን አንሰማም» ለሚል ሰው ተገቢው ጥያቄ «ዝርዝሩን ማን ያያል? በማን ፈቃድ?» የሚለው ነው።

አራተኛው ግድፈት፦ «ካሜራ ከመጣ ወዲህ ሌብነት ቀነሰ»

አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ ያኛው አመጣው ማለት በገበያ ሰፈር የተለመደ ስህተት ነው። በሰሊጥ አገር ደግሞ ይህ ስህተት የሚሠራበት ምቹ ምክንያት አለ። በአጨዳ ወቅት ብዙ ሺህ የጉልበት ሠራተኞች (በአካባቢው አጠራር ሳሉጎች) ከደጋው ወደ መተማና ቋራ ይወርዳሉ። ጥሬ ገንዘብ ይበዛል፣ ጆንያ በየሜዳው ይቆለላል፣ ሌብነትም አብሮ ይጨምራል። አጨዳው አልቆ ሠራተኛው ወደ አገሩ ሲመለስ ይቀንሳል። በታኅሣሥ የተተከለ ካሜራ በሚያዝያ ተአምር የሠራ ቢመስል አይግረመን። ትክክለኛው ንጽጽር ካለፈው ዓመት ሚያዝያ ጋር ነው፤ ከዚያም ካሜራ ካልተተከለበት ተመሳሳይ ገበያ ጋር።

እንዲህ በጥንቃቄ የተነጻጸሩ ጥናቶች በዓለም ላይ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአርባ ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ አንድ የወንጀል ሳይንስ ግምገማ ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ወንጀል ካልተተከለባቸው አንጻር በአማካይ 13 በመቶ ያህል ቀንሶ አግኝቷል። ጎልቶ የሠራው በመኪና ማቆሚያዎች ነው፤ በአምባጓሮና በድብደባ ወንጀል ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። ውጤቱ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ነው። «ካሜራ ምንም አይጠቅምም» የሚለው ተሳስቷል። «ካሜራ ሁሉን ይፈታል» የሚለውም ተሳስቷል። ለመጋዘንና ለመኪና ማቆሚያ ካሜራ የሚያወጣ ነጋዴ ገንዘቡን በጥሩ ቦታ አውሏል ማለት ይቻላል፤ በየመንገዱ ጥግ ሊተከል ለታሰበው ግን ማስረጃ መጠየቅ አለበት።

አምስተኛው ግድፈት፦ «ሰላም ትፈልጋለህ ወይስ ገመና?»

ከሁለት አንዱን ምረጥ የሚል ክርክር ሦስተኛውን መንገድ ከዓይን ይሰውራል። በድንበር አካባቢ የሚኖር ሰው ሰላም እንደሚፈልግ አጠያያቂ አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል የተሻገረውን ስደተኛ ያየ ነጋዴ የድንበር ቁጥጥርን ጥቅም ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን ክትትል ሁሉ ሰላም አያመጣም፤ ገመና ሁሉም ሰላም አያደፈርስም።

አባቶቻችን «አፈርሳታ» ወይም «አውጫጭኝ» የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠልና ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘም ካሳውን በጋራ ይከፍላል። ገበሬው ከሥራው ይስተጓጎል ስለነበር ሥርዓቱ ከባድ ነበር። ቢሆንም ቅሉ ሦስት ድንበሮች ነበሩት። አስቀድሞ የታወቀ ጥፋት አለ፤ የታወቀ ቦታ አለ፤ ስብሰባው የሚያበቃበት ጊዜ አለ። የዛሬው የመረጃ ቋት ጥፋት ሳይኖር ይመዘግባል፣ አገር ሙሉ ሰው ይመዘግባል፣ ጊዜ ካልተወሰነለትም አያበቃም። ስለዚህ ምርጫው በሰላምና በገመና መካከል ሳይሆን ድንበር ባለውና ድንበር በሌለው ክትትል መካከል ነው።

በተጨማሪም የተሰበሰበው መረጃ ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል። የአፍሪካ ኅብረት የአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ በጥር 2010 ዓ.ም ከሕንጻው ኮምፒዩተሮች መረጃ ለዓመታት በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይላክ እንደነበር ዘገበ፤ ቻይናም ኅብረቱም አስተባበሉ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም ደግሞ ሮይተርስ የኅብረቱን የጥበቃ ካሜራዎች ምስል ሰርጎ ገቦች ሲወስዱት እንደነበር ጻፈ። ለጥበቃ የተተከለው ካሜራ ለሌላ ሰው ዓይን ሆነ ማለት ነው። ይህን ያህል ትልቅ ተቋም ከተደፈረ የአንድ ሱቅ ወይም የአንድ ወረዳ መዝገብ እንዴት ነው የሚጠበቀው? ብሎ መጠየቅ ሰላምን መጥላት አይደለም።

የነጋዴው ወገን ግድፈቶች

እስካሁን የተናገርነው የክትትል ደጋፊዎችን ነው። ሚዛን ግን በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም።

አንደኛው የእኛ ወገን ስህተት «ዛሬ መታወቂያ ካሉ ነገ ንብረት ይወርሳሉ» የሚለው ነው። ስጋቱ ከሰማይ አልወረደም። በ1967 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ያየ ትውልድ ዛሬም አለ። በውጭም ቢሆን የኔዘርላንድ የነዋሪዎች መዝገብ በሰላሙ ጊዜ ለአስተዳደር ተዘጋጅቶ ናዚዎች ሲገቡ አይሁዶችን ለመልቀም ስለዋለ፣ አርበኞች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 የአምስተርዳሙን መዝገብ ቤት በእሳት አጋይተዋል። ይሁንና ታሪክ ስጋትን ያስረዳል እንጂ በራሱ ድምዳሜ አይሆንም። ከመታወቂያ እስከ ውርስ ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ፣ የትኛው ሕግ እንደሚፈቅድና ማን ሊያስቆም እንደሚችል ማሳየት ያስፈልጋል። ካላሳየን «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን ተረት በተገላቢጦሽ መተረታችን ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም መዝገብ ስለላ ብሎ መጥራት ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ ከሆነ ጀምሮ ከሚሰሙት ማጉረምረሚያዎች አንዱ «የንግድ ምስጢሬ ወጣ» የሚለው ነው። ደረሰኝ ለገዢው ማስረጃ፣ ለመንግሥት ግብር፣ ለሐቀኛው ነጋዴም ከደረሰኝ አልባው ተወዳዳሪ መከላከያ ነው። ስለ ደረሰኝ ሲጠየቅ ስለ ገመና የሚመልስ ነጋዴ «በቅሎ አባትህ ማነው ቢሉት አጎቴ ፈረስ ነው አለ» እንደሚባለው ነው። እንዲህ ዓይነቱ መልስ ለእውነተኛው የገመና ጥያቄ ጠላት ያፈራል።

ሦስተኛው ደግሞ «አሁን ያሉት ሹማምንት ወዳጆቻችን ስለሆኑ አያሰጋንም» የሚለው ነው። ሹም ይቀየራል፤ መዝገቡ ግን ይቀራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለበት አገር ምስጢርን በሰው ጠባይ ላይ ማሳረፍ ከነጋዴ አይጠበቅም። ለወዳጁ እንኳ ገንዘብ ሲያበድር ፊርማና ምስክር የሚጠይቅ ሰው ለመረጃውም ይህንኑ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ፊርማና ምስክሩ በሕግ ደረጃ የለም አይባልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው ቤት፣ አካልና ንብረት ከመመርመር፣ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነትም ከመደፈር የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል። ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲፈቅድ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብና እንዳይቆይ መርህ አስቀምጧል፤ ባለመረጃው የተመዘገበበትን እንዲያይና እንዲያስታርም መብት ሰጥቷል። ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በሌላ በኩል አዋጅ 958/2008 በአስቸኳይ ጊዜ ግንኙነትን ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለመጥለፍ የዐቃቤ ሕግ ፈቃድ የሚበቃበትን ሁኔታ ይዟል። በሩ ክፍት የሚሆንበትን ቦታ ማወቅም የነጋዴው ሥራ ነው።

አዋጅ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር የደረሰኝ ግልባጭ ማለት ነው፤ ዋናውን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። እንግዲህ በሚቀጥለው የንግድ ምክር ቤት ወይም የወረዳ ስብሰባ ላይ ካሜራ ይተከል፣ ምዝገባ ይካሄድ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ከማጨብጨብም ከማጉረምረምም በፊት አራት ጥያቄዎች ይቅረቡ። የሚከላከለው ጥፋት በውል የትኛው ነው? መረጃውን ማን ያያል፣ ስንት ጊዜስ ይቆያል? መሣሪያው ሲሳሳት የንጹሑን ሰው ኪሳራ ማን ይከፍላል? ከአንድ ዓመት በኋላ መጥቀሙ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ይታወቃል?

ለአራቱም መልስ ያለው ሐሳብ ከቀረበ ነጋዴው ገንዘብ ቢያዋጣለትም አይጸጸትም። ለአንዱም መልስ ከሌለው ግን ጥያቄውን አስቀድሞ ማንሳት ይሻላል፤ መሣሪያው ተተክሎ፣ መዝገቡ ሞልቶ፣ ዋጋው ለተወዳዳሪ ከደረሰ በኋላ የሚነሳ ክርክር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነውና።